የንጉሡን እጅ የሚያስታጥቡት፦ ስምንት ቀን በስኮትላንድ

የመጀመሪያ ቀን፣ ሰኞ። ኤድንብራ

አያቴ ልጅ ሳሉ በአንድ የወሎ ባላባት ቤት እጅ አስታጣቢ ነበሩ። በግራ እጃቸው ሳፋውን፣ በቀኛቸው ኩስኩስቱን፣ በክንዳቸው ላይ ፎጣውን ይዘው ከእንግዳ ወደ እንግዳ ይዞሩ ነበር። ይህን ሲያወሩን ወገባቸው ቀና ይላል። «ማዕድ አጠገብ የቆመ ልጅ ያገሩን ጉዳይ ሁሉ ይሰማል» ይሉ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ስኮትላንድ ነገሥታት ሳነብ አንድ መስመር ላይ ደርሼ ቆምኩ። የንጉሥን እጅ ማስታጠብ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ማዕረግ የሆነለት ቤተሰብ አለ ይላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህን ጉዞ ሳስብ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ መስከረም ላይ ፈቃድ አገኘሁ። ግላስጎው ውስጥ ነርስ ሆና የምትሠራው የአክስቴ ልጅም «ና፣ ማደሪያ አለህ» አለችኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ሻንጣዬን ማደሪያዬ አስቀምጬ ቁልቁል ወደ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ወረድኩ። ኤድንብራ ላይ አንድ ረጅም መንገድ አለ። ከላይ ግንቡ፣ ከታች ቤተ መንግሥቱ፣ መሀል ላይ ቤተ ክርስቲያኑና ፍርድ ቤቱ። የድሮ ሥልጣን ሁሉ በአንድ ቁልቁለት ላይ ተደርድሯል።

ስኮትላንድና እንግሊዝ ከ1603 ጀምሮ በአንድ ንጉሥ፣ ከ1707 ጀምሮ ደግሞ በአንድ ፓርላማ ሥር ናቸው። የንጉሡ ቤት ሥርዓት ግን አልተዋሃደም። ንጉሡ ከለንደን ተነሥተው እዚህ ሲደርሱ የሚቀበሏቸው ሌሎች ሹማምንት ናቸው። ዱክ፣ ማርኪስ፣ ኤርል የመኳንንት ማዕረጎች ናቸው። የቤተ መንግሥቱ የዘር ጠባቂ የሃሚልተን ዱክ ነው፤ ሹመቱ ከ1646 ጀምሮ ከዚያ ቤት አልወጣም። የቤተ መንግሥቱ አዛዥ የአርጋይል ዱክ ነው። የጦር አዛዥነቱ የኤሮል ኤርል ነው። ባንዲራ መያዝ ለሁለት ቤት ተከፍሏል። አንበሳ ያለበትን የንጉሡን ዓርማ የደንዲ ኤርል ይይዛል፤ የቅዱስ እንድርያስ መስቀል ያለበትን የአገሩን ባንዲራ የሎደርዴል ኤርል ይይዛል። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ቤቶች ተካሰው ክርክሩ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል። ለሚገባው ሰው ባንዲራ መያዝ ትንሽ ነገር አይደለም።

በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ረጅም የቆየሁት በሰሜን ምዕራቡ ግንብ ላይ ነው። ግንቡን ያሠራው ንጉሥ ጄምስ 5ኛ ነው። ልጁ ማርያም የስኮትላንድ ንግሥት ኖራበታለች። ጠባቧን የእራት ክፍል አየሁ። ዴቪድ ሪዚዮ የሚባል ጣሊያናዊ ሙዚቀኛ ወደዚህ ቤት መጥቶ የንግሥቲቱ ጸሐፊ ሆነ። መኳንንቱ ቀኑበት። መጋቢት 9 ቀን 1566 ከማዕዷ ላይ ጎትተው ከ50 ጊዜ በላይ በጩቤ ወጉት። ማዕድ አጠገብ መቆም ምን ያህል ከባድ እንደነበር በዚያች ክፍል ይገባል።

ማታ ፕሪንስስ ስትሪት ጫፍ ድረስ በእግሬ ሄጄ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያንን ከውጭ ሳምኩ። ከመቅደላ የተዘረፈ ታቦት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ በ2002 ወደ አገሩ ተመልሷል። ያገኙት ቄስ ምን እንደያዙ ሲያውቁ ይመለስ አሉ። በዚያ በር ከማለፌ በፊት ቆም ብዬ ማመስገን ነበረብኝ።

ሁለተኛ ቀን፣ ማክሰኞ። ግንቡና የክራመንድ ድልድይ

ጠዋት ግንቡ ላይ ዘውዱን አየሁ። ጄምስ 5ኛ በ1540 አሮጌውን ዘውድ አስቀልጦ ያሠራው ነው። ብርሃኑ ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ በመስታወት ተከቧል። አብረውት ያሉት በትረ መንግሥትና ሰይፍ ከሮም ጳጳሳት የተላኩ ስጦታዎች ናቸው። ከ1707 ውህደት በኋላ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ደራሲው ዋልተር ስኮት በ1818 እስኪያስከፍተው ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ማንም አላያቸውም። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ2022 ሲያርፉ አስከሬናቸው በዚሁ ከተማ ቅዱስ ጃይልስ ካቴድራል ቆሞ ነበር። ያን ዕለት ይህን ዘውድ በሬሳ ሣጥናቸው ላይ ያኖረው የሃሚልተን ዱክ ነው። በዓመቱ ለንጉሥ ቻርልስ የምስጋና ጸሎት ሲደረግም ተሸክሞ የገባው እሱ ነው። አንድ ሰው በእጁ ስለያዘው ነገር መጨነቁን ከትከሻው ታውቃለህ። በቪዲዮ ሳየው የአያቴ ትከሻ ትዝ አለኝ።

ከግንቡ ወርጄ ፓርላማ አዳራሽ ገባሁ። ዛሬ የፍርድ ቤት ግቢ ነው። ጠበቆች ሁለት ሁለት እየሆኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳሉ፤ የሚነጋገሩትን ሌላ ሰው እንዳይሰማባቸው ነው። እኔ የመጣሁት ለጣሪያው አልነበረም፤ ጣሪያው ግን በእውነት ያምራል። በነሐሴ 1822 ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ እዚህ አዳራሽ ግብዣ ተደርጎለት ነበር። ለረጅም ዘመን አንድም ንጉሥ ስኮትላንድን አልረገጠም ነበርና ከተማው ተገልብጦ ወጥቷል። በዚያ ግብዣ ላይ ሃዊሰን ክሮፈርድ የሚባል ሰው ማስታጠቢያ ይዞ በንጉሡ ፊት ቀረበ። ጽጌረዳ የተነከረበት ውሃ አፈሰሰለት፤ ፎጣም ሰጠው። የዘር ግዴታውን መወጣቱ ነበር።

ግዴታው የተጀመረው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በክራመንድ ድልድይ ነው ይባላል። ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ሄድኩ። አውቶቡሱ መንደሩ ድረስ አደረሰኝ። ከዚያ የአልመንድን ወንዝ ይዤ በዛፍ ጥላ ሽቅብ ተጓዝኩ። ድልድዩ ሦስት ቅስት ያለው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ነው። የተጠገነባቸው ዓመታት ድንጋዩ ላይ ተቀርጸዋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጄምስ 5ኛ ንጉሥነቱን ሰውሮ፣ የተራ ሰው ልብስ ለብሶ፣ በሕዝቡ መሀል መዞር ይወድ ነበር። ስሙንም «የባለንጊክ አባወራ» ብሎ ነበር። አንድ ቀን እዚህ ድልድይ ላይ ሽፍቶች ከበቡት። ንጉሡ ጠባቡን ድልድይ ተጠቅሞ ብቻውን ይከላከል ጀመር። ጆክ ሃዊሰን የሚባል ገበሬ በአቅራቢያው ጎተራ ውስጥ እህል እየወቃ ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ የመውቂያ ዱላውን እንደያዘ ወጣ። አንዱ በብዙ ሲጠቃ አየ። ማን ከማን እንደተጣላ ሳይጠይቅ ከተጠቂው ጋር ቆመ። ሽፍቶቹን በትኖ ሰውየውን ወደ ጎተራው አስገባው። ውሃና ፎጣ አምጥቶ ደሙን አጠበለት።

«ከሁሉ የምትመኘው ምንድን ነው?» አለው እንግዳው።

«ይህ የማርሰው የብሬሄድ መሬት የኔ ቢሆን» አለ ጆክ። መሬቱ የንጉሡ ነበር።

እንግዳው ቤተ መንግሥት ድረስ መጥቶ የባለንጊክን አባወራ እንዲጠይቅ ነገረው። ጆክ ሄደ። ንጉሡን እንዴት እንደሚለይ ሲጠይቅ «ባርኔጣ ያላወለቀው እሱ ነው» ተባለ። ዞር ዞር ብሎ አየ። «እንግዲያው ወይ አንተ ነህ ወይ እኔ ነኝ፤ ከሁለታችን በቀር ሁሉም ራሱን ገልጧል» አለ።

መሬቱ ተሰጠው። ግብሩ ገንዘብ አልነበረም። ንጉሡ ወይም ተተኪዎቹ በዚያ በኩል ሲያልፉ፣ ወይም ሆሊሩድ ሲሆኑ፣ ጆክ ወይም ልጆቹ እጃቸውን የሚታጠቡበት ማስታጠቢያ፣ ውሃና ፎጣ ይዘው ይቀርባሉ።

አፈ ታሪክ ነው። ግን የቤተሰቡ ግዴታ እውነት ነው፤ 1822ም እውነት ነው። ያደነቅኩት ይህን ነው። ያ ገበሬ ያን ቀን ያደረገው ሁለት ነገር ነው፤ ተዋግቷል፣ አጥቧል። ውጊያው ቀርቶ ሲወረስ የኖረው እጥበቱ ነው። ድልድዩ ላይ እስኪመሽ ቆየሁ። ወርጄ እጄን በወንዙ ውሃ ታጠብኩ። በጣም ይቀዘቅዛል።

ሦስተኛ ቀን፣ ረቡዕ። ፎክላንድ

ባቡሩ በትልቁ የፎርዝ ድልድይ ላይ ተሻግሮ ፋይፍ ገባ። ፋይፍ ውስጥ የአንስትራዘር ቤተሰብ አለ፤ በንጉሡ ማዕድ ላይ ሥጋ የመቁረጥ የዘር መብት ያላቸው እነሱ ናቸው። አንዱ እጅ ያስታጥባል፣ ሌላው ሥጋ ይቆርጣል፣ ሌላው በር ይጠብቃል። ማዕዱ እየተሞላ ሄደ።

ፎክላንድ ቤተ መንግሥት በተራራ ሥር ያለ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የዘር ጠባቂዎቹ የክራይተን ስቱዋርት ቤተሰብ ናቸው። በ1887 የቢዩት ማርኪስ መብቱን ገዝቶ ፍርስራሹን በራሱ ገንዘብ አስጠገነ። እዚህ ጋ ጠባቂ መባል ከስም ያለፈ ሥራ ሆኖ አየሁት። ግድግዳ ሲፈርስ ያቆመ ሰው ነው።

በግቢው ውስጥ በ1539 የተሠራ የቴኒስ መጫወቻ አለ፤ ጣሪያው ሥር የአእዋፍ ጎጆ ሞልቷል። ያሠራው ያው ጄምስ 5ኛ ነው። ሰውየው ከድልድዩ ጀምሮ እየተከተለኝ ነው። የሞተውም እዚህ ነው፣ በታኅሣሥ 1542፣ በ30 ዓመቱ። በጦርነት ተሸንፎ፣ ታሞ ተኝቶ ሳለ ሚስቱ ሴት ልጅ መውለዷን ነገሩት። «በሴት መጣ፣ በሴት ይሄዳል» አለ ይባላል። ስለ ዘውዱ ነው የሚያወራው። የሚሄድባት ያቺ ሕፃን ማርያም መሆኗ ነው። የመጣባት ሴት ደግሞ ፔዝሊ ተቀብራለች። የጉዞዬ መጨረሻ እዚያ እንዲሆን የወሰንኩት ይህን ሳነብ ነው።

አራተኛ ቀን፣ ሐሙስ። ደኖተር

ስቶንሄቨን ወርጄ በገደሉ አፋፍ ላይ ባለው መንገድ ሄድኩ። ነፋሱ ሰው ይጥላል። ደኖተር ግንብ ባሕር ውስጥ በገባ ዓለት ላይ ተቀምጧል። ወደ ታች ወርደህ እንደገና መውጣት አለብህ።

ይህ የኪዝ ቤተሰብ ግንብ ነበር። ማዕረጋቸው ማሪሻል ነው። ዘውዱንና የንጉሡን ደኅንነት መጠበቅ ግዴታቸው ነበር። በ1651 የእንግሊዙ መሪ የክሮምዌል ጦር አገሩን ሲይዝ ዘውዱ እዚህ ተደበቀ። ግንቡ ለወራት ተከበበ። ከመውደቁ በፊት ዘውዱ፣ በትሩና ሰይፉ ከከበባው አምልጠው ወጡ። ያዳነቻቸው የኪንኔፍ ቄስ ሚስት ክርስቲያን ፍሌቸር ናት። ባልና ሚስቱ በቤተ ክርስቲያናቸው ወለል ሥር ቀበሯቸው። በ1660 ንጉሡ ቻርልስ 2ኛ ወደ ዙፋኑ እስኪመለስ ድረስ እዚያው ቆዩ። ዘውድ የመጠበቅ ማዕረግ የነበራቸው ሌሎች ናቸው። የጠበቀችው ግን የቄስ ሚስት ናት። ዓለቱ ጫፍ ላይ ቆሜ የእሷን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ።

የኪዝ ማዕረግ ዛሬ የለም። በ1715ቱ አመጽ ዙፋኑን ካጣው የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤት ወገን ቆሙ። በሚቀጥለው ዓመት ርስቱም ማዕረጉም ተወሰደ።

አምስተኛ ቀን፣ ዓርብ። ስሌንስ

ከአበርዲን ወደ ክሩደን ቤይ የሚሄደው አውቶቡስ አምልጦኝ አንድ ሰዓት ያህል በዝናብ ቆምኩ። ስደርስ ሰማዩ ተከፍቶ ነበር። ስሌንስ ግንብ ገደል ላይ የቆመ ባዶ ቅርፊት ነው። በመስኮቶቹ ባሕሩ ይታያል። የኤሮል ኤርሎች ቤት ነበር፤ በ1916 ሸጡት። ጣሪያው በ1925 ተነሣ።

ሰር ጊልበርት ሄይ በ1314 ከንጉሥ ሮበርት ብሩስ የጦር አዛዥነቱን፣ በእንግሊዝኛ «ኮንስታብል» የሚባለውን ማዕረግ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ሹመቱ በቤተሰቡ ነው። በ1953 የኤልሳቤጥ ዘውድ በዓል ላይ ማዕረጉ የአንዲት ሴት ነበር፤ የኤሮል ኮንተስ ዳያና ሄይ። በስኮትላንድ ከንጉሣዊው ቤተሰብ ቀጥሎ የሚቆመው ይህ ሹም ነው።

«ኮንስታብል» የሚለው ቃል ግን ከየት መጣ? በላቲን የጋጣ ሹም ማለት ነው። «ማሪሻል»ም በጥንት ጀርመኖች ቋንቋ የፈረስ አገልጋይ ነው። በእኛ ባልደራስ የምንለው። አዲስ አበባ ባልደራስ ሰፈር ስንቱን ቀን አልፌያለሁ፤ ቃሉን በደንብ ያሰብኩት ግን እዚህ ገደል ላይ ነው። ንጉሡ ፈረስ ላይ ሲወጣ እርካቡን የያዘ ሰው ኋላ የጦር አዛዥ ሆነ። ለሰውነቱ የቀረበ ሰው ለሥልጣኑም ቀረበ። የአያቴ አባባል እዚህም ሠራ።

የስቱዋርት ወገን በ1746 በከሎደን ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ ለንደን የመኳንንቱን የዘር ፍርድ ሰጪነት ሻረ። ገበሬን አስሮ መቅጣት ቀረ። በእኔ እምነት ትክክል ነበር፤ ማንም በዘሩ ዳኛ መሆን የለበትም። ዘውድ መሸከም፣ ባንዲራ መያዝ፣ እጅ ማስታጠብ ግን ቀረ ያለው የለም። እነዚህ ማንንም አይጎዱም።

ስድስተኛና ሰባተኛ ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ። ኦባንና ኢንቨራሪ

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ባቡር ላይ ነበርኩ። ከግላስጎው ወደ ኦባን ያለው መንገድ ሐይቅ፣ ዋሻ፣ ፈርን የሸፈነው ተራራ ነው። ብዙ አልጻፍኩም፤ በመስኮት ሳይ ዋልኩ።

እሑድ ጠዋት ደንስታፍኔጅ ግንብ ሄድኩ። ዓለት ላይ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ብሩስ ማርኮታል፤ ኋላ የአርጋይል ዱኮች ቤተሰብ የሆኑት የካምቤሎች ሆነ። የዘር ጠባቂው የአርጋይል ዱክ ሲሆን ከሥሩ ደግሞ የግንቡ ካፒቴን የሚባል ሌላ የዘር ሹም አለ። ካፒቴኑ ማዕረጉን ለማጽናት በዓመት ሦስት ሌሊት እዚህ ማደር አለበት። በበሩ ላይ ያለው ቤት ለዚህ ያገለግላል። ጣሪያ በሌለው ግቢ ውስጥ ቆሜ እነዚያን ሌሊቶች አሰብኩ። ነፋስ፣ የባሕር ድምፅ፣ አንድ መብራት። ወድጄዋለሁ። ማዕረግ ካለህ መጥተህ እደር ነው ነገሩ።

ከሰዓት ኢንቨራሪ ገባሁ። የካምቤሎች ዋና ግንብ ነው፤ የአርጋይል ዱክ ዛሬም ከቤተሰቡ ጋር ይኖርበታል። የንጉሡ ቤት አዛዥነት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የዚህ ቤት ነው። የአዳራሹን ግድግዳ የጦር መሣሪያ ሞልቶታል። እኔ ግን የማስበው አንድ አባታቸውን ነበር። በጥር 1 ቀን 1651 ስኩን በሚባል ቦታ ዘውዱን በቻርልስ 2ኛ ራስ ላይ የጫነው የአርጋይል ማርኪስ ነው። ያው ንጉሥ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ማርኪሱ ተከሶ በ1661 ኤድንብራ ላይ አንገቱ ተቆረጠ። ዘውድ ባኖረ በአሥር ዓመቱ። ቅርበት ይህም አለበት። ሪዚዮንና እሱን አንድ ላይ አስታወስኳቸው።

ስምንተኛ ቀን፣ ሰኞ። ፔዝሊ

የአክስቴ ልጅ የሌሊት ተረኛ ነበረች። ሳትተኛ «አብሬህ እሄዳለሁ» አለችኝ። ከግላስጎው ፔዝሊ በባቡር ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ፔዝሊ ገዳምን በ1163 የመሠረተው ዋልተር ፊትዝ አለን ነው። የንጉሥ ዳዊት 1ኛ መጋቢ ነበር፤ ማዕዱንና ቤቱን የሚያስተዳድር። በእንግሊዝኛ ሥራው «ስቱዋርድ» ይባላል። ሹመቱ ለልጁ፣ ከልጁ ለልጅ ልጁ ተወረሰ። ቆየት ሲል የሥራው ስም የቤተሰቡ ስም ሆነ፤ ስቱዋርት። ስድስተኛው መጋቢ የሮበርት ብሩስን ልጅ ማርጆሪን አገባ። እሷ እርጉዝ ሳለች ከፈረስ ወድቃ ሞተች፤ ልጇ ግን ተረፈ ይላል የአገሩ ትውፊት። በ1371 ያ ልጅ ሮበርት 2ኛ ተብሎ ነገሠ። ጄምስ 5ኛ የዚያ ዘር ነው። «በሴት መጣ» ያለው ማርጆሪን ነው። የማዕድ አዛዦች ቤት ነገሠ፤ ስሙን ግን አልቀየረም።

መቃብሯ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው። የድንጋይ ሴት ተጋድማለች፤ እጆቿን አጋጥማ ትጸልያለች። የአክስቴ ልጅ ዝም ብላ ስታያት ቆየች። የወሊድ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። «ልጁን ማን ይሆን የተቀበለው?» አለች። ስለዚህ ጉዞ የተጠየቅኩት ምርጥ ጥያቄ ነው። ያቺም እጅ ማስታጠቢያ ያስፈልጋት ነበር።

ዛሬ አልጋ ወራሹ ዊልያም ካሏቸው ማዕረጎች አንዱ «የስኮትላንድ ልዑልና ታላቅ መጋቢ» ነው። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት «አሁንም ምግብ አቅራቢ ናቸው ማለት ነው?» አለች። «ናቸው» አልኳት።

ከቤተ ክርስቲያኑ እንደወጣን ደጁ ላይ ቆሜ ለእናቴ ደወልኩ።

«የአባባ ኩስኩስት የት ነው ያለው?»

«ቆጥ ላይ ነው። እጀታው ወልቋል። ምን ልታደርገው?»

«እንዳትሰጪው፤ እኔ አስጠግነዋለሁ» አልኳት።